አዋቂ የሌለበት ሰፈር፦ ልጆች ብቻቸውን ስለሚኖሩበት ዓለም ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ቀን ጠዋት አዋቂ የሚባል ሰው ሁሉ የለም። እናት የለም፣ ሹፌር የለም፣ ዘበኛ የለም፣ መምህር የለም። የቀሩት ልጆች ብቻ ናቸው። ይህን ሐሳብ የያዙ የወጣቶች ልቦለዶች በሌላው ዓለም ብዙ ተጽፈዋል፤ ለንደን ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ። በአማርኛም ገና ብዙ ሊጻፍበት የሚችል ሐሳብ ነው፤ ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁትም ለዚያ ነው። ለታዳጊ አንባቢ መጻፍ ለምትፈልጉ፣ ወይም እናንተው ራሳችሁ 15 ወይም 16 ዓመት ሆኗችሁ ደብተር ላይ ለጀመራችሁ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት የማምንበትን ልንገራችሁ። የዚህ ዓይነት ታሪክ ጉልበቱ ከጭካኔ አይመጣም። ከሥራ ነው የሚመጣው። አዋቂዎች ሲጠፉ ሥራቸው አብሯቸው አይጠፋም። ውሃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ ሕፃን ማባበል፣ ሲጣሉ መገላገል፣ ማታ በር መቆለፍ፣ ሁሉም እዚያው ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል። ማን ያነሳዋል? ማንስ እምቢ ይላል? ይህን ጥያቄ ከያዛችሁ መጽሐፉን ይዛችኋል።

1. አዋቂዎቹ እንዴት እንደጠፉ ወስኑና ቶሎ እለፉት

ምክንያቱን ለራሳችሁ በአንድ ገጽ ጻፉት። ለአንባቢው አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ልጆቹ ሳይንቲስት አይደሉም፤ የማያውቁትን አታስተንትኗቸው።

ነገር ግን «ሞቱ» እና «ተሰወሩ» አንድ አይደሉም። ከሞቱ አስከሬን አለ፣ መቅበር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በሙሉ ለቅሶ ናቸው። ከተሰወሩ ደግሞ ተስፋ አለ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁሉም ልጅ ቀና ይላል። ለ12 እና ለ13 ዓመት አንባቢ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። «ይመለሱ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሃምሳ ገጽ ያስነብባል።

ቀጥሎ የዕድሜ መስመር አስምሩ። 15 ዓመት የሞላው ሁሉ ጠፋ እንበል። ዛሬ 14 ዓመት ከ11 ወር የሆነው ልጅስ? እሱም ልደቱ ሲደርስ ይጠፋል ካላችሁ እያንዳንዱ ልደት ፍርሃት ይሆናል። እዚህ ላይ የእኛ አገር እውነታ ትልቅ ነገር ይሰጣችኋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ፣ በተለይ ገጠር የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ሰርተፍኬት የላቸውም። የተወለዱበትን ቀን የምታውቀው እናት ናት፤ «የጥምቀት ሰሞን ነው፣ በሬው በሞተበት ዓመት» ብላ። እናት ስትጠፋ ዕድሜም አብሮ ይጠፋል። 14 ይሁን 15 በትክክል የማያውቅ፣ በየማታው «ነገ እኖር ይሆን?» እያለ የሚተኛ ልጅ አንድ ብቻ ብታስገቡ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ይሸከምላችኋል።

2. ጠባብ ቦታ ምረጡ፣ በደንብ የምታውቁትን

ዓለምን ሁሉ አትጻፉ። አንድ ሰፈር ይበቃል። አንድ ልጅ በእግሩ ሄዶ ከመምሸቱ በፊት ሊመለስ የሚችልበት ርቀት የታሪኩ ወሰን ይሁን።

ሽሮ ሜዳን እንውሰድ። ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ወደ ላይ የባሕር ዛፍ ጫካ አለ፤ ስለዚህ ማገዶ አለ። የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ጋቢና ነጠላ የሚሸጥባቸው ሱቆች ተደርድረዋል፤ ስለዚህ ብርድ የሚከላከል ልብስ አለ። ግን ጫካው ጅብም አለው። ብርዱም ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የሐምሌ ሌሊት እዚያ ጥግ ላይ ለተኛ ልጅ ምን እንደሚመስል እዚያ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ያንኑ ታሪክ ወደ ባሕር ዳር ውሰዱት። ወዲያው ሌላ ታሪክ ይሆናል። ጣና አለ፣ ዓሣ አለ፣ ታንኳ መቅዘፍ የሚያውቅ ልጅ በአንድ ቀን ሀብታም ይሆናል። ግን ወባ ይመጣል። ድሬዳዋ ብትወስዱት ደግሞ ብርዱ ይቀርና ሙቀቱ፣ ወባው፣ የደቻቱ ጎርፍ ይተካል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ጨርሷል፤ ያን ታሪክ ከአያቱ የሰማ አንድ ልጅ «ከወንዙ ዳር እንነሳ» ቢልና ማንም ባይሰማው አስቡት።

ሰፈሩን ከመረጣችሁ በኋላ ካርታ ሳሉ። የውሃ ቦታ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕድር ቤት፣ ትልቁ ሱቅ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ስትጽፉ ልጆቹ ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ በጣታችሁ ተከተሉ።

3. ምን መቼ እንደሚያልቅ ሰንጠረዥ አዘጋጁ

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ የሚዘለው ይህን ነው። ልጆቹ በሦስተኛው ወርም ስልካቸውን ቻርጅ ያደርጋሉ። አይሆንም። ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ አስቡት።

መብራት፦ የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከግድብ ነው የሚመጣው። ግድቡ ውሃ ቢኖረውም የሚቆጣጠረው ሰው ከሌለ መሥመሩ አንድ ቦታ ይበላሻል፣ የሚጠግነው አይኖርም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥፉት። የስልክ ኔትወርክ ማማዎቹ ባትሪ እስኪጨርሱ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ያበቃል። ያቺን አጭር ጊዜ በደንብ ተጠቀሙባት፤ ልጆቹ ለማን ይደውላሉ? የሚጠራ ግን የማይነሳ ስልክ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ውሃ፦ አዲስ አበባ ውሃዋን ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ነው የምታገኘው። የጉድጓዱ ውሃ በመብራት ነው የሚገፋው። ስለዚህ ቧንቧው ይደርቃል። በየግቢው ያለው ሮቶ የመጀመሪያው ሀብት ነው፤ ሮቶ ያለው ግቢ ሁሉ ቤተ መንግሥት ይሆናል። ከዚያ ምንጭና ወንዝ ይመጣል፣ ከዚያ የዝናብ ውሃ። ክብደቱንም አትርሱ። ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፣ ያ ማለት 20 ኪሎ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሸክማችሁ ዳገት አታስሮጡት። በአምስት ሊትር ጀሪካን ይመላለስ፤ ምልልሱ ራሱ ታሪክ ነው።

እህል፦ ይህ በጣም የሚጣፍጠው ክፍል ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለው በቀናት ይበላሻል። እንጀራው ሦስት አራት ቀን ሳይሞላው ይሻግታል። ከዚያ ልጆቹ ኩንታል ጤፍ ያለበት መጋዘን ያገኛሉ። ደስ አላቸው። ግን ጤፍ ካልተፈጨ ምን ያደርጋል? ወፍጮ ቤቱ በመብራት ነው የሚሠራው። ኩንታል እህል ላይ ተቀምጦ መራብ ማለት ይህ ነው፤ ይህን ትዕይንት እንዳታልፉት። ከዚያ ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ የድንጋይ ወፍጮና መጅ አያቱ ቤት አይቷል። ወይም አንዷ ብልህ ልጅ «ለምን ንፍሮ አንቀቅልም?» ትላለች። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ወፍጮ አይፈልግም። ቆሎም አይፈልግም። ግን አዲስ አበባ ከፍታው ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላው ለመብሰል ጊዜ ይፈጃል፣ ማገዶም ይጨርሳል። ስለዚህ ከማታ ጀምሮ መዘፍዘፍ አለበት። ማን ያውቃል ይህን?

እንጀራ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይገባዋል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሬሳ ነው። የሸክላ ምጣድ፣ ሦስት ጉልቻ፣ አክንባሎ ያስፈልጋል። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። አብሲት መጣል አለበት። የመጀመሪያው ዓይን የሌለው ይሆናል፣ ሁለተኛው ከምጣዱ አልላቀቅ ይላል። ሦስተኛው ሲሳካ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ያቺን እንጀራ ለስንት እንደሚቆርሷት ሲከራከሩ ጻፉት።

ቤንዚን ደግሞ ወራት ሲቆይ ይበላሻል። በሁለተኛው ዓመት ልጆቹ መኪና ቢነዱ አንባቢያችሁ አያምናችሁም። ባትሪ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ሁሉም ላይ የሚያልቅበትን ሳምንት ጻፉበት።

4. ልጆቹን በጠባያቸው ሳይሆን በሚያውቁት ነገር ፍጠሯቸው

«ደፋሩ፣ ፈሪው፣ ብልሁ፣ ክፉው» ብላችሁ አትጀምሩ። እያንዳንዱ ልጅ ምን መሥራት ይችላል? ምን አይችልም? ከዚያ ጠባዩ ራሱ ይመጣል።

በጣም የምወደውን ምሳሌ ላምጣ። በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ውስጥ ከገጠር መጥታ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ታዳጊ ልጅ አለች። ትርንጎ እንበላት፣ 13 ዓመቷ ነው። የቤቱ ልጅ ሊያ ደግሞ 14። እስከ ትናንት ሊያ ታዝዛለች፣ ትርንጎ ትሮጣለች። አዋቂዎቹ የጠፉ ቀን ከሰል ማቀጣጠል፣ ሊጥ ማቡካት፣ ሕፃን ማዘል፣ ልብስ በእጅ ማጠብ የምትችለው ማን ናት? ሊያ እንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ታብሌት ትነካካለች። አሁን ያ ምንም አይሠራም።

«ከሰሉን አቀጣጥዪው» አለች ሊያ፣ እንደ ልማዷ።

ትርንጎ አልተነሳችም። «እኔ ሕፃኑን ይዣለሁ። አንቺ ነይና አቀጣጥዪው፣ አሳይሻለሁ።»

በዚህች አጭር ልውውጥ አንድ ዓለም ተገለበጠ። ጠመንጃ አላስፈለገም። ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ትርንጎን የበቀል መሣሪያ አታድርጓት፣ ቅድስትም አታድርጓት። ይደክማታል። ሁሉም ሰው «ትርንጎ ይኼን፣ ትርንጎ ያንን» ሲላት አንድ ቀን ጥላ ትሄዳለች። የት ትሄዳለች? ወደ አገሯ፣ በእግሯ። ያ ደግሞ የመጽሐፉ መካከለኛ ክፍል ነው።

ሌሎቹንም እንዲሁ። ጎዳና ላይ ያደገ ልጅ ከሁሉም በላይ ለዚህ ዓለም የተዘጋጀ ነው፤ ያለ ወላጅ መኖርን እሱ ቀድሞ ያውቀዋል። ተቃቅፎ መተኛትን፣ ቡሌ (የምግብ ቤት ትርፍራፊ) ማካፈልን፣ የትኛው ውሻ እንደሚነክስ ያውቃል። የታክሲ ረዳት የነበረው ከተማውን በጣቱ ጫፍ ይዞታል። እረኛ የነበረው ላም ያልባል፣ በወንጭፍ ጅብ ያባርራል። የቆሎ ተማሪ የነበረ ልጅ ካለማ ገና በልጅነቱ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ እየለመነ እየተማረ ኖሯል። የመድኃኒት ቤት ልጅ የመድኃኒቶቹን ስም ያነባል፤ ግን መጠኑን ላያውቅ ይችላል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ቢያንስ አንድ ሕፃን አስገቡ። ጡት የሚጠባ ቢሆን ይመረጣል። ሕፃን ሲኖር ማንም «ነገ አደርገዋለሁ» ማለት አይችልም። ሌሊት ያለቅሳል፣ ጠላት ይሰማል፣ ወተት ያልቃል። ትልልቆቹን ልጆች ሰው የሚያደርጋቸው እሱ ነው።

እምነትንም አትሸሹት። ልጆቹ በሬ ቢያገኙ ማን ይባርካል? ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። አዋቂ የለም የሚፈርድ። ሁለት በሬ ከሌለስ? በዓቢይ ጾም ወተት ብቻ ቢገኝስ? አንዲት የ11 ዓመት ልጅ እየራባት «እማዬ ስትመለስ ምን እላታለሁ?» ብላ ወተቱን ስትገፋው አንባቢ ልቡ ይነካል። የሚፈቱበትን መንገድ ልጆቹ ይፈልጉት፣ እናንተ ከላይ ሆናችሁ አትፍረዱ።

5. ሕጋቸውን ከሚያውቁት ይቅዱ

ልጆች ከባዶ ተነሥተው ሕገ መንግሥት አይጽፉም። ያዩትን ነው የሚያስመስሉት። የእኛ ልጆች ምን አይተዋል? ዕድር አይተዋል። ዕቁብ አይተዋል። ሽማግሌ ተቀምጦ ሲያስታርቅ አይተዋል።

ዕድር ቤቱን እንዲከፍቱት አድርጉ። ውስጡ ምን አለ? ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ለመቶ ሰው የሚሆን ድስት፣ የአባላት መዝገብ፣ የሰው ሞት የሚነገርበት ጥሩምባ። ለመቶ ልጅ ምግብ ማብሰያ እዚያው ተቀምጧል። ጥሩምባው የአደጋ ምልክት ይሆናል። መዝገቡ ላይ የአባቶቻቸው ስም ተጽፏል፣ ከስሩ ባዶ መስመር አለ። ልጆቹ ስማቸውን እዚያ ላይ ለመጻፍ ወይም ላለመጻፍ ሲከራከሩ ገጹን አትቁረጡት፤ መጻፍ ማለት «አይመለሱም» ማለት ነዋ።

ከዚያ ቅጣት ይመጣል። ውሃ ያልቀዳ ምን ይሆናል? የሰረቀስ? የዕድር ቅጣት ብር ነው፣ አሁን ብር ወረቀት ነው። ስለዚህ በምን ይቀጡ? በሥራ? በምግብ? በማግለል? እያንዳንዱ ምርጫ ጸጸት አለው። አንድ ልጅ ምግብ ተከልክሎ ቢታመም፣ ያንን የወሰኑት ልጆች ፊት እንዴት እንደሚሆን ጻፉ።

አጠራር ላይም አስተውሉ። 14 ዓመት የሆነው ልጅ አንድ ቀን ትንንሾቹ «ጋሼ» ሲሉት ይሰማል። ማንም አልሾመውም። ይደነግጣል፣ ደስም ይለዋል። በሥልጣን እንዴት እንደሚበላሽ ወይም እንዴት እንደሚሸከመው ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አሳዩ።

6. እውነተኛ ታሪኮችን አጥኑ፣ ጭካኔን እንደ ግዴታ አትውሰዱ

«ልጆች ብቻቸውን ከተተዉ አውሬ ይሆናሉ» የሚል አስተሳሰብ አለ። ልቦለድ አጥብቆ ይወደዋል። በእውነት የሆነው ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1965 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው ቶንጋ ስድስት ታዳጊ ወንዶች ከአዳሪ ትምህርት ቤት ጠፍተው በጀልባ ወጡ። ማዕበል ወሰዳቸው፣ አታ የምትባል ሰው የማይኖርባት ደሴት ላይ ጣላቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ኖሩባት። በ1966 አንድ አውስትራሊያዊ የመርከብ ካፒቴን አገኛቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሥራ ይከፋፈሉ ነበር። ግንድ ቦርቡረው የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙ ነበር። እሳታቸው እንዳይጠፋ ይጠብቁ ነበር። ሲጣሉ የተጣሉት ተለያይተው ራሳቸውን እስኪያበርዱ ይቆያሉ። አንዱ እግሩ ተሰብሮ ጓደኞቹ አስረውለት ድኗል። ይህ ሁሉ ለምዕራፍ ይሆናል፤ በተለይ ያ የጠብ አፈታት።

በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮሎምቢያ ውስጥ አውሮፕላን ተከስክሶ አራት ወንድማማችና እህትማማች አማዞን ጫካ ውስጥ 40 ቀን ቆይተው በሕይወት ተገኙ። ትልቋ 13 ዓመቷ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ዓመት ያልሞላ ሕፃን ነበር፤ የመጀመሪያው የልደት ቀን ጫካ ውስጥ አለፈ። ከአውሮፕላኑ የካሳቫ ዱቄት ይዘው ወጡ፣ ጫካውን ከሚያውቁ ቤተሰቦቻቸው የተማሩትን ፍሬ ለቅመው በሉ። ያዳናቸው እውቀት ቤት ውስጥ፣ በጨዋታ፣ በሥራ የተማሩት ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የደቡብ ሱዳን ልጆች ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ወንዶች የሆኑ ልጆች ከጦርነት ሸሽተው ለሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው ጋምቤላ ገቡ፣ ፒኝዶ ካምፕ ተቀመጡ። በ1991 እ.ኤ.አ. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ እንደገና ሸሹ። የጊሎ ወንዝን ሲሻገሩ ብዙዎች አለቁ። የተረፉት በ1992 ኬንያ ካኩማ ደረሱ። ትልቅ ልጅ ትንሽ ልጅ እየመራ፣ ራሱ ልጅ የሆነ ሰው ሌላ ልጅ እየቀበረ። ይህን ስትጠቅሱ በክብር ጥቀሱ፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች ታሪክ ነው፣ ለጌጥ አይሆንም።

ታዲያ ጠብ የለም ማለቴ ነው? አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ ተመራማሪዎች 22 ወንድ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍለው ካምፕ አስገቧቸው። ውድድርና ሽልማት ሲመጣ በቀናት ውስጥ ጠላት ሆኑ፤ ባንዲራ እስከ ማቃጠል፣ መኝታ ቤት እስከ መውረር። አብሮ መብላት ብቻውን አላስታረቃቸውም። የጋራ ችግር ሲመጣ፣ ለምሳሌ የሁለቱም ውሃ ሲቋረጥ፣ አብረው መሥራት ጀመሩ። ሁለት ሰፈር ልታጣሉ ከሆነ ይህ ጥሩ አጽም ነው። የላይኛው ሰፈር ምንጩን ይዟል፣ የታችኛው ዕድር ቤቱን። ውድድሩን እናንተ ፍጠሩ፤ ክፉ ሰው ግን አትፍጠሩ። ሌላኛው ወገን የሚራብ ሕፃን ይኑረው።

7. ሕክምናና አደጋ ላይ አትሳሳቱ

አንባቢያችሁ ልጅ ነው። የጻፋችሁትን ሊሞክረው ይችላል። ስለዚህ አንድን ዘዴ «ሠራ» ካላችሁ በእውነትም የሚሠራ ይሁን።

ለተቅማጥ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨውን ማብዛት አደገኛ ነው፣ ልጆቹ ሲለኩ በጥንቃቄ ይለኩ።

ለውሃ፦ ማፍላት፤ ከፍታ ቦታ ላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ካገኙ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው። ሁለቱም ከሌለ ጥርት ያለ ውሃ ብርሃን በሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ስድስት ሰዓት፣ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ በነጠላ ይጣራ፣ ይጥለል።

ለውሻ ንክሻ፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ግን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ፍሪጁ ጠፍቷል። ይህን የሚያውቅ አንድ ልጅ ብቻ ቢኖርና ለተነከሰው ባይነግረው ምን ይሰማዋል?

ከሰል፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል፣ ጭስ ባይኖረውም። በብርዱ ምክንያት ልጆቹ ይህን ሊያደርጉ ይፈልጋሉ። አንዱ ይከልክላቸው፣ ወይም በር በርግዶ ያድናቸው። በምንም ዓይነት ግን ከሰል ዘግተው አሙቀው በሰላም አድረው ተነሡ ብላችሁ እንዳትጽፉ።

8. ጊዜን ቁጠሩ፣ ከዚያ ምዕራፎቹን ዘርጉ

በሰኔ ጀምሩ። ትምህርት ሊዘጋ ነው፣ ዝናብ ሊጀምር ነው። ክረምቱ ፈተናው ይሁን። መስከረም ላይ ጨርሱ ወይም ሁሉን ነገር አዙሩት።

ቀን የሚቆጥር ልጅ ይኑር። ጳጉሜን ሲደርስ ጠብ ይነሣል፦ ዘንድሮ አምስት ቀን ናት ወይስ ስድስት? የሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችው ልጅ መሬት ላይ በእንጨት ታሰላለች። 5,500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሩ፣ ለአራት አካፍሉ፣ ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ትልልቆቹ አፋቸውን ይዘው ያዩአታል። የዕንቁጣጣሽ ዕለት ሴቶቹ አበባዬ ሆሽ ይጨፍራሉ። ግን ለማን ደጅ? በሩን የሚከፍት አዋቂ የለም። ይህን ትዕይንት ቀስ ብላችሁ ጻፉት።

ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሦስት ነገር ያዙ፦ ያለቀ ነገር፣ በዚያ የተነሣ ጠብ፣ የተወሰነ ውሳኔ። ውሳኔው የሚቀጥለውን ምዕራፍ ችግር ይውለድ። ለምሳሌ ክብሪት አለቀ፤ እሳቱን ሌሊት ማን ይጠብቅ ተባለና ተጣሉ፤ በተራ እንዲሆን ተወሰነ፤ የአንዱ ተራ ሲደርስ እንቅልፍ ጣለው። ሦስቱንም ካላገኛችሁ ምዕራፉ ገና አልደረሰም።

ንግግሩ አጭር ይሁን። ልጆች አይሰብኩም። የአራዳ ቋንቋ ብታስገቡ ቆጥቡት፤ ዘንድሮ የሚያስቀው ቃል ከአምስት ዓመት በኋላ መጽሐፉን ያስረጀዋል። ሐዘኑን ደግሞ በትንሽ ነገር አሳዩ። የአራት ዓመት ልጅ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ብሎ በየማታው ይጠይቃል። አንድ ማታ ሳይጠይቅ ይተኛል። ትልቋ እህቱ ነቅታ ታድራለች። ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩ።

9. መጨረሻውን ወስኑ፣ ከዚያ ለልጅ አስነብቡ

«ሕልም ነበር» ብላችሁ እንዳትጨርሱ። ያን ያህል ገጽ አብሯችሁ የተጨነቀ አንባቢ ይናደዳል፣ እውነትም አለው። አዋቂዎቹ ከተመለሱ ግን ጥሩ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የትርንጎ አሠሪ ተመልሳ «ትርንጎ፣ ሻይ አፍዪ» ብትላትስ? ሊያ ምን ትላለች? ካልተመለሱ ደግሞ ልጆቹ ማደጋቸውን የሚያሳይ አንድ ነገር ይሥሩ፤ ለምሳሌ ሰኔ ሳይመጣ ባቄላ ለዘር ያስቀምጡ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለ13 ዓመት ልጅ ስጡት። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ለይሉኝታ አዎ ይላል። የቱ ጋ እንዳቆመ፣ ከልጆቹ ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ፣ የቱን ነገር እሱ በሌላ መንገድ ይሠራው እንደነበር ጠይቁት። ሦስተኛውን መልስ ሲሰጥ አታቋርጡት፣ እስክሪብቶ ያዙ። ብዙ ጊዜ ከእናንተ የተሻለ መፍትሔ ይነግራችኋል። ያንን ወስዳችሁ ያቆመበትን ምዕራፍ እንደገና ጻፉ።